ጎቢንና ቆፋሪ ሽሪምፑን አዲስ አበባ ቤት ውስጥ እንዴት ማኖር ይቻላል?

ጎቢ ቀይ ባሕርን ጨምሮ በሞቃት ባሕሮች፣ ኮራል ሪፍ (ኮራል የሚባሉ ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የሠሩት ዓለታማ ክምር) ዳር የምትኖር ጣት የምታህል ዓሣ ናት። አሸዋ ላይ ከሚኖሩት ዝርያዎች አንዳንዶቹ ጉድጓዳቸውን የሚቆፍርላቸው ሽሪምፕ የሚባል ባለ ብዙ እግር ትንሽ የባሕር እንስሳ ነው። ሽሪምፑ ዓይኑ ደካማ ስለሆነ ደጅ ሲወጣ አንቴናውን ከዓሣዋ ገላ አያነሳም። እሷ አደጋ ስታይ ጭራዋን ታርገበግባለች፤ ወዲያው ሁለቱም ይገባሉ። ለቤት የሎ ዋችማን ጎቢና ታይገር ፒስቶል ሽሪምፕ ጥሩ ጥንድ ናቸው።

1. ገንዳው 60×40×40 ሴንቲሜትር ይበቃል። ድንጋዩን አስቀድማችሁ በቀጥታ መስታወቱ ላይ አሳርፉ፤ አሸዋው ኋላ ይመጣል። ድንጋዩ አሸዋ ላይ ከተቀመጠ ሽሪምፑ ሥሩን ሲቆፍር ይናድና ሁለቱንም ይጨፈልቃቸዋል።

2. አሸዋው 6 ሴንቲሜትር ጥልቀት ይኑረው፤ 22 ኪሎ ገደማ ይፈጃል። ደቃቅ ብቻ ከሆነ ጉድጓዱ ስለሚደረመስ የዛጎልና የኮራል ስብርባሪ ቀላቅሉበት። የኮራል አሸዋ መሆኑን ለማወቅ ቆንጥራችሁ አቼቶ ጠብ አድርጉበት፤ አረፋ ካላወጣ አይደለም። ለግንባታ የሚሸጠው አሸዋ ውሃውን ያደፈርሳል።

3. የቧንቧ ውሃውን ክሎሪን በማስወገጃ ፈሳሽ አጥፉና ለ1 ሊትር 37 ግራም ገደማ የአኳሪየም ጨው በጥብጡ፤ ሪፍራክቶሜትሩ (የጨው መጠን መለኪያው) 1.025 ሊያሳይ ይገባል። የወጥ ቤት ጨውም ሆነ የአፋር ጨው አይተካውም፤ ካልሲየሙና ማግኒዚየሙ በሚፈለገው መጠን የለም። ውሃ ሲተን ጨው ስለሚቀር የጎደለውን ጨው በሌለው ውሃ ብቻ ሙሉ።

4. ሙቀቱን 25 ዲግሪ ላይ ያዙ። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ያለ ሂተር አይታለፍም።

5. እዚህ ከተማ ዓሣን ከሁሉ በላይ የሚጎዳው የአየር ነገር ነው። ፒያሳም ሆነ ካዛንቺስ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ጨዋማ ውሃ ደግሞ ከጣፋጩ ያነሰ ነው የሚይዘው። ውሃውን የሚያዘዋውረው ፓምፕ አፍ የውሃውን ገጽ ሁልጊዜ ያናውጠው፤ የአየር ፓምፕም ጨምሩ። መብራት ሲጠፋ ውሃው ዝም ይላል፣ ጎቢዋም ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ትጀምራለች። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ሳትገዙ ዓሣ አታስገቡ።

6. ገንዳው ውሃው እንዳለ ዓሣና ሽሪምፕ ሳይገባበት ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይሥራ። አሞኒያ የሚያመነጭ ትንሽ ምግብ ጨምሩበት፤ አሞኒያን የሚያስወግደው ባክቴሪያ የሚራባው በዚያ ነው። አሞኒያውና ከእሱ የሚመጣው ናይትራይት (ሁለቱም ዓሣን ይመርዛሉ) ወጥተው ወደ ዜሮ ካልወረዱ ጠብቁ።

7. ጎቢ ትዘላለች፤ ገንዳውን በወንፊት ክደኑ። የገንዳውን ውሃ በመጡበት ውሃ ላይ ለአንድ ሰዓት ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ ካለማመዳችኋቸው በኋላ ሽሪምፑን ድንጋዩ ሥር፣ ጎቢዋን አጠገቡ ልቀቁ። በቀን ሁለቴ ትንሽ በረዶ የተደረገ ማይሲስ (ሽሪምፕ የሚመስል ጥቃቅን እንስሳ) ይበቃቸዋል።

ሽሪምፑ ለሳምንታት ላይታይ ይችላል። ሞቷል ብላችሁ ድንጋይ አታንሱ፤ ጉድጓዱ የሚፈርሰው ያኔ ነው።