የተሰበረ የጣሪያ መስታወት ከመነሣቱ በፊት
የኤስዩቪ መኪናዎ ሰፊ የጣሪያ መስታወት ሲሰበር፣ ለመዝጋት ብለው ማብሪያ ማጥፊያውን በፍጹም አይጫኑ። በሙቀት የጠነከረ መስታወት ሲሰበር እንደ ጠጠር ወደ ጥቃቅን ስብርባሪ ስለሚለወጥ፣ አንዲት ፍንጣሪ እንኳ መስታወቱ የሚንሸራተትበት ሐዲድ ውስጥ ገብታ የጣሪያው ሞተር በሚጎትትበት ጊዜ መስታወቱን የሚስበውን ገመድ ልታበላሽ ትችላለች፤ ያኔ በመስታወቱ ብቻ ያልቅ የነበረው ወጪ መላውን ማንሸራተቻ እስከ መቀየር ይደርሳል። ይልቁንስ የውስጡን መጋረጃ ሳያንቀሳቅሱ፣ ጓንት አጥልቀው፣ መስታወቱን ከላይ በሰፊ ፕላስተር ደራርበው ይለጥፉት፤ ስብርባሪው ሳይበተን እንደ ተያያዘ ይነሣል። አዲሱ ከመገጠሙ በፊት ሐዲዱንና በማዕዘኖቹ ያሉትን የውኃ መውረጃ ቀዳዳዎች በቫኪዩም ክሊነር ያስጠርጉ፣ የተደፈነ መውረጃ የዝናቡን ውኃ ወደ ውስጥ ያፈስሳልና። መስታወቱ በብሎን ሳይሆን በማጣበቂያ የተያዘ ከሆነ ግን ማንሣቱን ለባለሙያ ይተዉት።