ጊታር ስትማሩ እንዳይሰለቻችሁ

ጊታሩን ከቦርሳው አውጡትና አልጋችሁ አጠገብ አቁሙት፤ ዚፕ መክፈት እንኳ ሰበብ ይሆናል። የባሕር ዳር ፀሐይ ግን እንዳያገኘው፣ እንጨቱ ይጣመማል። መጀመሪያ ላይ የጣት ጫፍ ያቃጥላል፣ ብዙ ሰው የሚተወውም እዚህ ጋ ነው። ቆዳው እስኪጠነክር በቀን 15 ደቂቃ ይበቃል፤ ቅዳሜን ጠብቆ ሦስት ሰዓት ከመጋጋጥ ይሻላል። ኤፍ ኮርድ (አንድ ጣት ብዙ ክር አንድ ላይ የሚጫንበት አያያዝ) እምቢ ካላችሁ ለጊዜው ተዉት። ይልቅ የትዝታን ቅኝት ሞክሩ፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። አምስት ድምፅ ብቻ ነው፣ ግን በቀጫጭኖቹ ክሮች ላይ ቀስ እያላችሁ ስትወጡና ስትወርዱ ወዲያው ዜማ ዜማ ይላል፣ ልምምድ ላይ መሆናችሁንም ትረሳላችሁ። አመሻሽ ላይ ጣና ዳር ወጣ በሉና ለአንድ ጓደኛ ተጫወቱለት፤ ስትሳሳቱ የሚስቅ ሳይሆን አብሯችሁ የሚያንጎራጉር ይሁን። ክሩ ከዛገ ደግሞ ቶሎ ቀይሩት፣ ጣት ይፈጃል።