ለሱፐርሂሮ ረዳት የሆነ ልጅ ስትጽፉ የምትስቷቸው ነገሮች

ታሪካችሁን ባሕር ዳር ላይ አድርጋችሁ፣ አንድ ወጣት ረዳት በመምህሩ በጀግናው ፊት ራሱን ሲያስመሰክር ልትጽፉ ካሰባችሁ፣ ከሁሉ የከፋው ስህተት ልጁን በእምቢተኝነት ማስመስከር ነው። "አትሂድ" ሲባል ይሄዳል፣ ጠላቱን ብቻውን ይጥላል፣ መምህሩም "አሁን ሰው ሆንክ" ይለዋል። ልጁ የቀናው ግን ዕድል ስለረዳው ነው። በዕድል የተረፈን ልጅ ደግሞ ማንም አስተዋይ ሰው ሁለተኛ አያሰማራውም።

ልጁ መምህሩ ያላየውን ይይ፤ በጊዜው ይናገር፤ ለተናገረውም ዋጋ ይክፈል። ለምሳሌ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሥቶ ጣና እየተናወጠ ነው፤ የቆሰለ ሰው ከደሴት መውጣት አለበት። ያለችው አንዲት የደንገል ታንኳ ብቻ ናት። ክንደ ብርቱው ጀግና ሊገፋት ሲል ልጁ ጎኗን በመዳፉ ጫን ያደርጋል፤ በጣቶቹ መሀል ውሃ ይወርዳል።

"ጋሼ፣ ይቺ ውሃ ጠጥታለች። ፀሐይ ላይ አላወጧትም። ሦስት ሰው አትችልም፤ እርስዎ ይውሰዱት፣ እኔ እቀራለሁ።"

ደንገል ውሃ እየመጠጠ ስለሚከብድ ታንኳ ከሥራ በኋላ ወጥታ መድረቅ አለባት። ሐይቅ ዳር ያደገ ልጅ ይህን ያውቃል፤ ጀግናው ጉልበቱ ተራራ ቢንድም ላያውቅ ይችላል። ጠላት ደሴቱ ላይ እያለ መቅረቱ ደግሞ የልጁ ዋጋ ነው።

ከዚህ በኋላ ረጅም የምስጋና ንግግር አትጻፉ። በሚቀጥለው ጉዞ ጀግናው ሳይነሣ "አንተ ምን ትላለህ?" ብሎ ቢጠይቀው በቂ ነው።

ልጁ እንዲጎላ ብላችሁ መምህሩን አታጃጅሉት። የቂል አድናቆት ለማንም አይጠቅምም።

ልጁን ቤተሰብ አልባ ማድረግም የተለመደ ስህተት ነው። ሮቢን እ.ኤ.አ. በ1940 ከባትማን ጎን ሲቆም ወላጆቹ የተገደሉበት የሰርከስ ልጅ ነበር፤ ለዚያ ታሪክ ያስፈልግ ነበር። የእናንተው ልጅ ግን ሌሊት ሲጠፋ እናቱ ደጅ ቆማ ትጠብቀዋለች፤ ጎረቤት አይቶታል፤ ጠዋት ትምህርት ቤት አለበት። እኔ ብሆን መምህሩን አንድ ቀን እዚያው ቤት ቡና ላይ አስቀምጠውና እናቱ "ልጄን የት ነው የሚያመሹብኝ?" ብላ እንድትጠይቀው አደርጋለሁ። ከየትኛውም ፍልሚያ ይልቅ እሱን ማንበብ እመርጣለሁ።

ቦታውንም አጥኑ። ጣና ጥልቅ በሚባለው ስፍራ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነውና መቶ ሜትር ወደ ታች የሚጠልቅ አውሬ አትክተቱበት። እምቦጭ በብዛት የወረረው የሰሜንና የሰሜን ምሥራቅ ዳርቻውን ስለሆነ የጀልባችሁ ሞተር በእምቦጭ የሚታነቅበትን ትዕይንት ወደ ደንቢያ ወይም ፎገራ በኩል ውሰዱት። ረዳቷ ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ ክብራን ገብርኤል ገዳም ውስጥ አትሸሽጓት፤ ሴት አይገባበትም።