የሐረጎ ቁልቁለትና የኮርስ ብስክሌት ቸርኬ፦ ችግርና መፍትሄ

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ። በሐረጎ በኩል የሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ይህን ልዩነት በ25 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይጨርሰዋል። ፍሬኑ የቸርኬውን ጠርዝ የሚይዝ ብስክሌት ይዞ ለሚወርድ ሰው ደግሞ ፍጥነቱን የሚገታው ያው ቸርኬ ነው። እኛ ዘንድ ቸርኬ ቶሎ የሚያልቀው ለዚህ ነው። ሆኖም ሙሉ ቸርኬ (ከነመሀሉና ከነራጂዎቹ፣ ማለትም መሀሉን ከጠርዙ ጋር ከሚያያይዙት ቀጫጭን ሽቦዎች ጋር) መግዛት የሚያስፈልገው ብዙዎች ከሚያስቡት ያነሰ ጊዜ ነው። ከመግዛትዎ በፊት የተጎዳው ክፍል የትኛው እንደሆነ ይለዩ።

የቸርኬው ጎን ጎድጉዷል፣ ፍሬን ሲያዝ ይንቀጠቀጣል

ከሁሉም በፊት መታየት ያለበት ይህ ነው፤ አደገኛው ይህ ስለሆነ። የፍሬኑ ጎማ ጭቃና አሸዋ ይዞ አሉሚኒየሙን እንደ ሞረድ ይፍቀዋል፤ በክረምት ደግሞ ይብሳል። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ ፍሬኑ በሚይዘው ጎን ላይ አቁመው ወደ ብርሃን ይመልከቱ። በማስመሪያውና በቸርኬው መካከል ብርሃን ካለፈ ግድግዳው ሳስቷል ማለት ነው። ብዙ ቸርኬዎች በጎናቸው ላይ ትንሽ ነጥብ ወይም ቀጭን መስመር አላቸው፤ እሱ ከጠፋ ዕድሜው አብቅቷል። የሳሳ ግድግዳ በጎማው አየር ግፊት ወደ ውጭ ሊፈነዳ ይችላል፤ ያ ደግሞ በቁልቁለት መሀል ከሆነ ሕይወት ያስከፍላል። ለሌላ ወር አያቆዩት።

ርካሹ መፍትሄ፦ ሞዞው፣ ማለትም ራጂዎቹ የሚሰኩበት መሀለኛው ክፍል፣ ደህና ከሆነ ባዶ ቸርኬ፣ ማለትም ጠርዙን ብቻ፣ ገዝቶ ማሰራት ነው። የቀዳዳው ቁጥር እኩል፣ ጥልቀቱም ተመሳሳይ ይሁን፤ አለበለዚያ የድሮው ራጂ ይረዝማል ወይም ያጥራል። ሞዞውም ያለቀ ከሆነ ሙሉውን ይግዙ።

በዚህ ጊዜ ምን ይመረጥ? አሉሚኒየም፣ ባለ 32 ቀዳዳ፤ ክብደትዎ ከፍ ያለ ከሆነ ወይም ዕቃ ከጫኑ ባለ 36። የሚያምር አይደለም፣ ቀላልም አይደለም፤ ነገር ግን አንድ ራጂ ቢሰበር እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ቤት ያደርስዎታል። በርካሽ የተገኘ ያገለገለ የካርቦን ቸርኬ ለዚህ መንገድ አልመክርም፤ ረጅም ቁልቁለት ላይ የፍሬኑ ሙቀት ካርቦኑን የያዘውን ሙጫ ሊያለሰልሰው ይችላል። በክሮም የተለበጠ የብረት ቸርኬም ዝናብ ሲነካው ፍሬን በደንብ አይዝም።

ጎኑ ሳይጎደጉድ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ግን ጉድጓድ መትቶት ተቀጥቅጦ ይሆናል። ትንሽ መጣመም በራጂ ማጥበቅና ማላላት ይስተካከላል፤ የተሰነጠቀ ግን አይጠገንም።

የኋላው ራጂ በየጊዜው ይሰበራል

ብዙ ጊዜ የሚሰበረው በካቴናው በኩል ያለው፣ ሞዞው ጋ በሚታጠፍበት ቦታ ነው። ሰዎች "በጣም ስለጠበቀ ነው" ይላሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ተቃራኒው ነው። የላላ ራጂ ጎማው በዞረ ቁጥር ሲወጠርና ሲላላ ይደክማል፣ ከዚያም ይሰበራል። አንድ ብቻ ከሆነ በተመሳሳይ ርዝመት ይተኩት። በተከታታይ ከተሰበሩ የቀሩትም ደክመዋልና ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያስቀይሩ።

በማሽን የተሠራ አዲስ ርካሽ ቸርኬ ሲገዙ ደግሞ ከመንዳትዎ በፊት ልምድ ያለው ጠጋኝ የሁሉንም ራጂ ውጥረት እኩል ያድርግልዎ። ለዚህ የሚከፈል ገንዘብ ከውድ ስም የበለጠ ዋጋ አለው ብዬ አምናለሁ።

ቸርኬው ወደ ጎን ይወዛወዛል፣ ሲዞር ያጉረመርማል

ኩሽኔታው ነው። ፈትቶ ማጠብ፣ አዲስ ኳሶችና ግራሶ ማስገባት፣ ከዚያ በልኩ ማጥበቅ። ኳሶቹ የሚሽከረከሩበት የሞዞው ውስጠኛ ክፍል ራሱ ከተቦረቦረ ግን ሞዞው አልቋል።

አዲሱ ቸርኬ አልገባም፣ ወይም ጎማው አልለብስም አለ

ብር የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ቸርኬው የሚገባበትን የብስክሌቱን አካል ክፍተት ከውስጥ ወደ ውስጥ በሚሊ ሜትር ይለኩ። የፊተኛው ብዙውን ጊዜ 100 ነው። የኋለኛው በድሮዎቹ 126፣ ከ8 እስከ 11 ፒኞን (ካቴናው የሚያዞረው የኋላ ጥርሳም ክብ) ባላቸው የኮርስ ብስክሌቶች 130፣ በተራራ ብስክሌት 135 ነው። የብረት አካል ከ126 ወደ 130 በጥንቃቄ ሊከፈት ይችላል፤ አሉሚኒየምና ካርቦን ግን በጭራሽ አይገደዱ።

ፒኞኑ በጥርስ የሚጠመዘዝ ነው ወይስ በዘንግ ላይ የሚንሸራተት ካሴት? ሁለቱ አይለዋወጡም። ለ10 ፒኞን የተሠራ፣ ሺማኖ የተባለው ኩባንያ ሞዞ የኮርስ ባለ 11 ካሴት አይቀበልም፤ ባለ 11ዱ ሞዞ ግን 1.85 ሚሊ ሜትር ቀለበት ከታከለበት ባለ 8፣ ባለ 9 ወይም ባለ 10 ካሴት ይይዛል።

ጎማን በተመለከተ "28" በሚለው ቁጥር አይተማመኑ። የጎማውን ጎን ያንብቡ፦ 25-622 የሚል ከሆነ ወሳኙ 622 (የጎማው የውስጥ ዲያሜትር በሚሊ ሜትር) ነው፤ የዘመኑ የኮርስ ብስክሌት ልክ ይህ ነው። የድሮው ባለ 27 ኢንች 630 ሲሆን፣ የአሮጌ ባለ 28 ብስክሌቶች 635 ይሆናል። ልዩነቱ ለዓይን አይታይም፤ ጎማው ግን ወይ አይገባም ወይ ይወልቃል። ስለዚህ የድሮውን ቸርኬና ጎማውን ይዘው ወደ ሱቅ ይሂዱ፤ ሻጩ ጎማውን አልብሶ፣ ብስክሌቱ ላይ አስሮና አዙሮ እስኪያሳይዎት ድረስ ክፍያውን ያቆዩ።