ለጠይም ቆዳ ጥላ ስትሰጡ ጥቁር አትጠቀሙ

እንደ ክሪታ፣ ፕሮክሪየት ወይም ፎቶሾፕ ባሉ የዲጂታል ሥዕል ፕሮግራሞች የሰው ፊት ለምትስሉ፦ የጠይም ቆዳ ጥላ ለማውጣት መነሻ ቀለሙን ወደ ጥቁር ብቻ አታውርዱት፤ ፊቱ አመድ የነካው ይመስላል። ስታጠቁሩት ትንሽ ወደ ቀይ ወይም ወደ ወይን ጠጅ አዙሩት፣ ሳቹሬሽኑንም (የቀለሙን ጥንካሬ) ከፍ አድርጉ። ከመነሻው በላይ አዲስ ሌየር (የሚደረብ ንጣፍ) ከፍቶ፣ መልቲፕላይ (ከሥሩ ያለውን ቀለም የሚያጠቁር የማዋሃጃ ስልት) ላይ አድርጎ፣ ፈዘዝ ባለ ወይን ጠጅ መቀባት በጣም ይቀላል፤ ከበዛ የሌየሩን ኦፓሲቲ (ከሥሩ ያለውን የመሸፈን መጠን) መቀነስ ነው።

ብርሃንና ጥላ የሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ደግሞ ሞቅ ያለ ቀይ ብርቱካናማ ጣል አድርጉ። ለእኔ ቆዳውን ሕያው የሚያደርገው ይሄ ነው። ብርሃን ቆዳ ውስጥ ገብቶ ተበትኖ ይወጣል፤ ፀሐይ ከኋላ ስትመታው ጆሮ የሚቀላውም ለዚሁ ነው።

ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ነጸብራቅ ጎልቶ ይታያል። ግንባር፣ ጉንጭና አፍንጫ ጫፍ ላይ ንጹህ ነጭ ከማስቀመጥ የብርሃኑን ቀለም ውሰዱ፦ ደጅ ከሆነ የሰማዩን ሰማያዊ፣ ሻማ ከሆነ ወርቃማ። መዳፍና የውስጥ እግርም ፈካ ይበሉ፤ ብዙ ጥሩ ሥዕሎች ላይ ይሄ ተረስቶ ሳይ ያሳዝነኛል።