ፒቲሊያኖ ስትሄዱ ወደ ታችም ውረዱ

ብዙ ሰው ፒቲሊያኖ ይሄድና ፎቶ ያነሳል፣ ዋናውን መንገድ እስከ ጫፍ ይሄዳል፣ ጀላቲ በልቶ ይመለሳል። ሁለት ሰዓት አይፈጅበትም። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን የከተማዋ ግማሽ ያለው ከእግራችሁ ሥር ነው።

ፒቲሊያኖ በጣሊያን፣ በደቡብ ቶስካና፣ ማሬማ በሚባለው አካባቢ፣ ዙሪያው ገደል በሆነ አምባ ላይ የተሠራች ከተማ ናት። አምባው ቱፎ ነው። ከጥንት እሳተ ገሞራ የወጣ አመድ ተጠቅጥቆ የደነደነ ድንጋይ ማለት ነው። በዶማ ይፈለፈላል፣ ግን ቀጥ ብሎ ይቆማል። ስለዚህ ሰዉ ቤቱን ከላይ ሲሠራ ከታች ደግሞ ለወይን ጠጁ፣ ለእህሉና ለከብቱ ሲቆፍር ኖሯል። ላሊበላን ለሚያውቅ ሰው ድንጋይ መፈልፈሉ አይገርመውም፤ እዚህ ግን የተፈለፈለው በአብዛኛው ለጓዳ ነው።

አካሄዱን እንየው። ባቡር እዚያ አይደርስም። ከሮም በባቡር እስከ ኦርቤቴሎ ወይም ግሮሴቶ ትሄዱና ከዚያ አውቶቡስ ትይዛላችሁ፣ አውቶቡሱ ግን በቀን ጥቂት ጊዜ ነው የሚመላለሰው፣ እሁድማ አትመኑት። የመመለሻውን ሰዓት ሳታጣሩ አትሳፈሩ። መኪና መከራየት ከቻላችሁ ይሻላል፤ ከሮም ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። መኪናውን ከአሮጌው ከተማ ውጭ አቁሙት። የመኪና ማቆሚያው ነጭ መስመር ነፃ ነው፣ ሰማያዊ ይከፈልበታል፣ ቢጫ ለተፈቀደለት ብቻ ነው። «ዞና ትራፊኮ ሊሚታቶ» (ያለ ፈቃድ መኪና የማይገባበት ክልል) የሚል ምልክት ካያችሁ አትለፉ። በጣሊያን ከተሞች እንዲህ ያለውን ክልል ብዙ ጊዜ ካሜራ ነው የሚጠብቀው፣ ቅጣቱም ወደ አገራችሁ ተመልሳችሁ ነገሩን ከረሳችሁ በኋላ በመኪና አከራዩ በኩል ይደርሳችኋል።

ከማንቻኖ በኩል ከመጣችሁ ከተማዋ ከመድረሳችሁ በፊት ማዶና ዴሌ ግራዚዬ የምትባል ቤተ ክርስቲያን አለች። እዚያ ቁሙ። ፖስት ካርዱ ላይ የምታዩት ፎቶ ከዚህ ነው የሚነሳው። ቤቱም ገደሉም አንድ ቀለም ስለሆነ ድንጋዩ የት አልቆ ግድግዳው የት እንደሚጀምር ዓይን ይምታታበታል። ረጋ ብላችሁ ከቤቶቹ በታች ገደሉን ተመልከቱ፤ ጥቋቁር በሮችና ቀዳዳዎች ታያላችሁ። ጓዳዎቹ እነሱ ናቸው።

ውስጥ ስትገቡ ከተማዋን ይገዙ የነበሩት የኦርሲኒ መኳንንት ቤተ መንግሥትና የውሃ ማስተላለፊያው ትልልቅ ቅስቶች ይቀበሏችኋል። ደስ ይላሉ፣ ግን ጊዜያችሁን ለአይሁዶቹ ሰፈር አስቀሩ። ምኩራቡ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1598 ነው። በዚያ ዘመን የሮም ጳጳሳት በሚገዙት አገር አይሁዶች መከራ በዝቶባቸው ነበር፤ በ1569 ደግሞ ከሮምና ከአንኮና በቀር ከሁሉም ቦታ ውጡ ተባሉ። ብዙዎች ድንበሩን ተሻግረው በኦርሲኒ መኳንንት ሥር ወደነበረችው ፒቲሊያኖ ተጠጉ። ከተማዋ እስከ ዛሬ «ትንሿ ኢየሩሳሌም» የምትባለው ለዚህ ነው። በኋላ የቶስካና ገዢዎች የነበሩት ሜዲቺዎች ሲይዟት አይሁዶቹን በአንድ ሰፈር ከለሏቸው።

ከምኩራቡ ወደ ታች ስትወርዱ ድንጋይ ውስጥ የተፈለፈለ የሌላ ኑሮ ቤት ታገኛላችሁ፦ የፋሲካው ያልቦካ ቂጣ የሚጋገርበት ምድጃ፣ ለመንጻት የሚታጠቡበት ገንዳ፣ የወይን ጠጅ ጓዳ፣ የጨርቅ ማቅለሚያ። በጋም ቢሆን ይበርዳል፣ ነጠላ ነገር ያዙ። ቅዳሜ ዝግ ነው! ለቅዳሜና እሁድ ብቻ የምትመጡ ከሆነ ለእሁድ አድርጉት። ስትወጡ ስፍራቶ የሚባለውን ጣፋጭ ግዙ። ስስ ሊጥ ውስጥ ማርና ዋልነት ተሞልቶ እንደ ዱላ ረዘም ተደርጎ የተጠቀለለ ነው። አይሁዶቹን ከቤታቸው ለማስወጣት በር ይደበደብበት የነበረውን ዱላ ለማስታወስ ነው ይባላል።

ምሳ ላይ አትዘግዩ። ብዙ ምግብ ቤት ከስምንት ሰዓት ተኩል በኋላ ኩሽናውን ይዘጋል፣ እስከ ማታ አይከፍትም። አክዋኮታ ካለ እዘዙ፤ አትክልት፣ ደረቅ ዳቦና እንቁላል ያለበት የማሬማ ገበሬ ሾርባ ነው። ሂሳቡ ላይ «ኮፐርቶ» የሚል ጥቂት ዩሮ ብታዩ አትጣሉ፣ የመቀመጫ ክፍያ ነው።

ከምሳ በኋላ ከአምባው ወርዳችሁ ወደ ቪዬ ካቬ ሂዱ። ከሮማውያን በፊት በዚህ አካባቢ የኖሩት ኤትሩስካውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት ቱፎውን ሰንጥቀው የቆፈሯቸው መንገዶች ናቸው። ግድግዳው በአንዳንድ ቦታ ከ20 ሜትር ያልፋል፣ ሰማዩ እንደ ቀጭን ሪባን ነው የሚታየው። ግድግዳውን ቀረብ ብላችሁ እዩት። የመቆፈሪያው ብረት የጫረው መስመር ዛሬም አለ፣ በላዩ የድንጋይ ሽበትና ፈርን የሚባል ተክል በቅሎበታል። ለምን እንደተቆፈሩ ሊቃውንቱ እስካሁን ይከራከራሉ፤ አንዱ የመቃብር ሥርዓት መንገድ ነው ይላል፣ ሌላው ተራ መንገድ ነው ይላል። ሶሉ የለሰለሰ ጫማ አታድርጉ። ዝናብ ከዘነበ ደግሞ ድንጋይ ሊወርድ ስለሚችል ተዉት፣ የተዘጋም እንዳለ የከተማውን የመረጃ ቢሮ ጠይቁ። በፈረንጆቹ መጋቢት (ማርች) ውስጥ ከሆናችሁ በ19ኛው ቀን ማታ፣ በቅዱስ ዮሴፍ በዓል፣ ወንዶች የሸምበቆ ችቦ ተሸክመው ከእነዚህ መንገዶች ከአንዱ ወደ ከተማው አደባባይ ሲወጡ ታያላችሁ።

ከቻላችሁ እደሩ። ማታ ጎብኚው ሲሄድ ከተማዋ ለነዋሪዎቿ ትመለሳለች፣ ገደሉም መብራት ይበራበታል። በማግስቱ ሳቱርኒያ ቅርብ ናት። ፍል ውሃው 37 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ፏፏቴው ሥር መዘፍዘፍ በነፃ ነው። የድኝ ሽታው መጀመሪያ ይከብዳል፣ ትለምዱታላችሁ። የብር ቀለበትና ሐብል ግን አውልቃችሁ ግቡ፣ ያጠቁረዋል።