ጥቁር ዋልነት እንዴት ይተከላል፣ ፍሬውስ እንዴት ይለቀማል

ጥቁር ዋልነት (ጠንካራ ቅርፊት ያለው የሚበላ ፍሬ የሚሰጥ ትልቅ ዛፍ) ልትተክሉ ካሰባችሁ ከውሃውም ከማዳበሪያውም በፊት ቦታውን አስቡበት፣ ምክንያቱም ዋና ስሩ ቀጥ ብሎ ወደታች ስለሚወርድ ሁለት ሶስት አመት ከቆየ በኋላ ነቅሎ ሌላ ቦታ ማዛወር በጣም ከባድ ነው። ዛፉ ከ20 እስከ 30 ሜትር ይረዝማል፣ ስለዚ ከቤት ጣራ፣ ከመብራት ሽቦና መኪና ከሚቆምበት ራቅ አድርጉት፣ ፍሬው ከነልጣጩ ሲወድቅ ከባድ ነው ደሞ የነካውን ሁሉ ቡናማ ያደርጋል።

ትልቁ ጣጣ ግን ጁግሎን የሚባለው ነገር ነው። ስሩ፣ ቅጠሉ፣ የፍሬው ልጣጭ ሁሉም ይሄንን ኬሚካል አላቸው፣ እሱ ደሞ ጎረቤት ተክል አይወድም። ቲማቲም፣ ድንች፣ ቃሪያ፣ አፕል የመሳሰሉት አጠገቡ ከሆኑ ውሃ እየጠጡም ጠውልገው ይሞታሉ፣ ሽንኩርት፣ ካሮት፣ በቆሎና ሳር ግን ብዙም ግድ አይሰጣቸውም። ስለዚ ከጓሮ አትክልት ቢያንስ ከ15 እስከ 20 ሜትር አርቁት። ዛፉን በኋላ ብትቆርጡት እንኳን ስሩ መሬት ውስጥ እስኪበሰብስ አመታት ስለሚፈጅ ችግሩ ወዲያው አይጠፋም። ፈረስ ያላችሁ ደሞ የዚህን እንጨት ፍቅፋቂ በረት ውስጥ እንዳትጎዘጉዙ፣ ኮቴያቸውን ያሳብጠዋል፣ ያነክሳቸዋል።

ዛፉ የሰሜን አሜሪካ ምስራቁ ክፍል ተወላጅ ነው፣ በተፈጥሮው የክረምት ብርድ ይፈልጋል፣ አመቱን ሙሉ ሙቀት የሆነበት ቦታ ላይ አትልፉ። አፈሩ ጥልቅና ውሃ የማይተኛበት፣ ቦታው ቀኑን ሙሉ ፀሀይ የሚያገኝ መሆን አለበት፣ ጥላ ስር አይሆንለትም።

ከፍሬ ወይስ ከችግኝ?

ከፍሬ መጀመር ርካሽ ነው። በመኸር የወደቀ ትኩስ ፍሬ ወስዳችሁ አረንጓዴውን ልጣጭ አውልቁ፣ ከዛ ውሃ ውስጥ ጣሉትና የሚንሳፈፈውን አስወግዱ፣ ባዶ ነው። የሰመጠውን እዛው በመኸር 5 ሳንቲሜትር ገደማ ቅበሩትና ላዩን በሽቦ ወንፊት ሸፍኑት፣ ሽኮኮና አይጥ ሽታውን ተከትለው በአንድ ሌሊት ሊጨርሱላችሁ ይችላሉ። መሬቱን አላምነውም ካላችሁ እርጥብ አሸዋ ያለበት ላስቲክ ውስጥ አድርጋችሁ ፍሪጅ ውስጥ ከ3 እስከ 4 ወር አቆዩት (ፍሪዘር አይደለም ፍሪጅ)፣ ብርዱን ካላገኘ አይበቅልም፣ ከደረቀም እንደዛው። ፀደይ ላይ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ሁለት ሁለት ትከሉና ደካማውን በኋላ ነቅላችሁ ጣሉ። ዕቃ ላይ ማፍላት የምትፈልጉ ጠለቅ ያለ ዕቃ ተጠቀሙ፣ ከአንድ አመት በላይ ደሞ አታቆዩት፣ ስሩ ተጠምዝዞ ይቀራል።

ከፍሬ የበቀለ ዛፍ ግን እናቱን አይመስልም፣ ምርጥ ፍሬ ተክላችሁ ቅርፊቱ ወፍራም የሚበላው ትንሽ የሆነ ዛፍ ሊወጣላችሁ ይችላል፣ ፍሬ ለማየትም 10 አመት አካባቢ ትጠብቃላችሁ፣ ደህና ምርት ደሞ 20 አመት ካለፈው በኋላ ነው። ስለዚ ዋናው ፍላጎታችሁ ፍሬው ከሆነ የኔ ምክር ግራፍት የተደረገ (የምርጥ ዛፍ ቅርንጫፍ ሌላ ችግኝ ላይ የተጣበቀበት) ችግኝ ግዙ ነው። ቶማስ የሚባለው ዝርያ በፈረንጆቹ 1880ዎቹ የወጣ ነው እስካሁንም ይተከላል፣ ኤማ ኬ የሚባለውም ቅርፊቱ ሳሳ ስለሚል ጥሩ ነው። ግራፍት የሆነው ከአራት አምስት አመት በኋላ ፍሬ ማሳየት ይጀምራል።

አንድ ብቻ አትትከሉ። ወንዴና ሴቴ አበባው አንድ ዛፍ ላይ ነው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚፈኩበት ጊዜ ይለያያል፣ የሚያዳቅለውም ነፋስ ነው፣ ስለዚ ሁለት ሶስት ሆነው ከ10 እስከ 12 ሜትር ተራርቀው ቢተከሉ ፍሬው ይበዛል።

እንክብካቤው ብዙ ወሬ የለውም። የመጀመሪያዎቹን ሶስት አመታት ዙሪያውን አንድ ሜትር ያህል ከአረም ነፃ አድርጉ፣ ዝናብ ከጠፋ በሳምንት አንዴ በደንብ አጠጡ፣ ጉዝጓዝ አድርጉ ግን ግንዱን አይንካ። ፀደይ መግቢያ ላይ ቅርንጫፍ አትቁረጡ፣ ፈሳሹ እየተንጠባጠበ አያቆምም። ቅጠሉ ከሌሎቹ ዛፎች ዘግይቶ ይወጣል ቀድሞም ይረግፋል፣ ሞተ ብላችሁ እንዳትደነግጡ። አንድ አመት ዛፉ ሙሉ ፍሬ በቀጣዩ አመት ትንሽ መስጠትም ፀባዩ ነው።

ለቀማው

ፍሬው ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ላይ ይደርሳል። ልጣጩን በአውራ ጣት ጫን በሉት፣ ጉድጓድ ከተወ ደርሷል፣ ቀለሙም ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ ይሄዳል። የወደቀውን በየሁለት ሶስት ቀኑ ልቀሙ፣ መሬት ላይ አታክርሙት። ብዙ ሰው የጥቁር ዋልነት ጣእም መራራ ነው የሚለው ይሄን ስለማያውቅ ይመስለኛል፣ ልጣጩ እየጠቆረ ሲበሰብስ ፈሳሹ ቅርፊቱን አልፎ ይገባና የሚበላውን ያጠቁረዋል፣ ጣእሙንም ያበላሻል፣ በጊዜው የተላጠው ግን ነጣ ያለና ለስላሳ ጣእም ያለው ነው። ስለዚ በለቀማችሁበት ሳምንት ላጡት። ልጣጩ ውስጥ ነጫጭ ትል ብታዩ አትጣሉት፣ የዝንብ እጭ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ቅርፊቱን አልፎ አይገባም።

አላላጡ እንዲህ ነው፣ ወፍራም የጎማ ጓንትና አሮጌ ልብስ ልበሱ (ቀለሙ እጅ ላይ ለሳምንታት ይቆያል ሳሙና ምንም አያደርገውም፣ ድሮ ጨርቅ ማቅለሚያና የፅህፈት ቀለም ይሰራበት ነበር)፣ ከዛ ፍሬውን ጠንካራ መሬት ላይ አድርጋችሁ በወፍራም ሶል ጫማ እየረገጣችሁ አንከባሉት፣ ብዙ ከሆነ ደሞ ዘርግታችሁ መኪና በቀስታ ንዱበት፣ ልጣጩ ይፈርጣል ቅርፊቱ ምንም አይሆንም። ልጣጩን ለአትክልት የምትጠቀሙበት ኮምፖስት ውስጥ አትጨምሩ።

የተላጠውን በባልዲ ውሃ ውስጥ በእንጨት እያማሰላችሁ እጠቡ፣ ውሃው ጥቁር ይሆናል፣ እስኪጠራ ሁለት ሶስቴ ቀይሩ፣ የተንሳፈፈውን እዚህም ጣሉ። እጣቢውን አሳ ያለበት ኩሬ ወይም ወንዝ ውስጥ አትድፉ፣ አሳ ይገድላል።

ቀጥሎ ማድረቅ ነው። ሽቦ ወንፊት ላይ ሳሳ አድርጋችሁ ዘርጉት፣ ጥላና ነፋስ ያለበት አይጥ የማይደርስበት ቦታ ላይ ሁለት ሶስት ሳምንት ይቆይ፣ አልፎ አልፎ አገላብጡት። አንዱን ስበሩና ውስጡን እጠፉት፣ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል፣ ከተጣጠፈ ገና ነው። የደረቀውን በጆንያ ወይም በመረብ ከረጢት ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡ፣ ላስቲክ ውስጥ ከታፈነ ይሻግታል።

አሰባበሩ

ተራው የለውዝ መስበሪያ ይሰበራል እንጂ እሱን አይሰብረውም። ፍሬውን ሙቅ ውሃ ውስጥ አሳድሩት፣ ቅርፊቱ እርጥበት ስለሚጠጣ ውስጡ ሳይፈረፈር ይወጣል። ከዛ ሞርሳ ካላችሁ ጫፍና ጫፉን አስይዛችሁ ቀስ እያላችሁ አጥብቁ፣ ከሌላችሁ ሹል ጫፉን ወደላይ አድርጋችሁ በመዶሻ ምቱት፣ ስብርባሪው ስለሚፈናጠር መነፅር አድርጉ። የቀረውን ቅርፊት በፒንሳ እየቆረጣችሁ በመርፌ ነገር ማውጣት ነው፣ ትእግስት ይጠይቃል፣ የሚገኘው ደሞ ከጠቅላላ ክብደቱ ሩብ እንኳን ላይሞላ ይችላል። ከመቅመሳችሁ በፊት አንድ በአንድ እዩት፣ የተደበቀች የቅርፊት ቁራጭ ጥርስ ትሰብራለች።

ውሃ ውስጥ ስላደረ የተፈለፈለውን አንድ ቀን አናፍሱትና በደንብ በሚዘጋ ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡ፣ ከአመት በላይ የምታቆዩት ከሆነ ፍሪዘር ይሻላል። ዘይቱ ብዙ ስለሆነ ውጪ ሙቀት ላይ ከቆየ ቶሎ ይበላሻል፣ የቀለም ቀለም ሽታ ከሰጠ ጣሉት።